አራስ ልጠይቅ ሄጄ አጣቢ ሆንኩ

ከኮልፌ የወጣሁት መብራት ሳላበራ ነው። የፋብሪካችን ካድሬ በስብሰባ ላይ ስሜን አንስቶ ስለነበር ማደር አልቻልኩም። ልጄ ሙሉዬ ነጠላዬን ይዛ «እኔንስ መቼ ነው የምትወስጂኝ?» አለችኝ። «ሥራ እንደያዝኩ» ብዬ ለእህቴ ትቻት ሄድኩ። መተማን በእግር ተሻግሬ ካርቱም ገባሁ።

ምን ልበላችሁ፣ እዚህ ሙቀቱ ማለዳ እንኳ አይምርም፤ የምናማርረው የኮልፌ ጭቃ ናፈቀኝ። አንድ የንግድ ኩባንያ በጽዳት ቀጠረኝ። ከላይ ሥራ አስኪያጁ አለ፣ «ሙዲር» ይሉታል። እኔን የሚያዘኝ ግን ተቆጣጣሪው ሐሰን ነው። «ልጅሽ ስትመጣ ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እኔ አስወጣላታለሁ» ብሎኛል።

የሐሰን ሚስት ወለደች። በእኛ አገር አራስ ባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ገንፎ ይዤ ሄድኩ፣ የተከመረውንም ልብስ አጠብኩላት። ኮልፌ ቢሆን ጎረቤት ሁሉ ተራ ይገባ ነበር። ሐሰን ግን ወጉን አላወቀውም። በሚቀጥለው ጁምዓ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ «ልብሱ ይጠብቅሻል» አለኝ። በሌላውም ጁምዓ እንደዚያው። አራሷ ተነሥታ ገበያ መውጣት ጀመረች፤ እኔ አሁንም የባሏን ጀለቢያ አሻለሁ።

ለልጄ ስል ዝም አልኩ። ያ ካድሬም ቢሆን የደለበው በዝምታችን ነበር።

አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ ለሙዲሩ፣ ለሐሰንና ለሹፌሩ ሻይ ሳቀርብ፣ በተሰባበረ ዓረብኛዬ ጠየቅኩ።

«ሙዲር፣ እኔ የማን ሠራተኛ ነኝ?»

«የኩባንያው።»

«የሐሰንስ ጀለቢያ የኩባንያው ነው?»

ሹፌሩን ሻይ ትን አለው። ሐሰን «ራሷ ናት የመጣችው፤ ማን ጠራት?» አለ።

«የመጣሁት አራስ ልጠይቅ ነው። አሁን አራሱ አንተ ነህ?»

ሙዲሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ጁምዓ የሷ ነው» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

ሐሰን ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። «ኢቃማውን እንግዲህ ሙዲሩ ያውጣልሽ።» በማግስቱ ሽንት ቤቶቹን በሙሉ ለእኔ ብቻ ሰጠኝ። ሽንት ቤቱ የኩባንያው ነው፤ አጠብኩ።

በዚያ ጁምዓ ስልክ ቤት ተሰልፌ ኮልፌ ጎረቤታችን ቤት ደወልኩ። ሙሉን ጠሯት፤ ሮጣ መጣች መሰለኝ፣ ትንፋሿ ይሰማል።

«ያ የነገርሽን ሰውዬ ፈቃዱን ሊያወጣ ነው?»

«ልብስህን አላጥብም አልኩት። ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«ሙሉዬ፣ ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ እማዬ።»

ተቆጥታ ይሁን ኮርታ፣ ፊቷን ሳላይ እንዴት ልወቅ። ልብሱን ግን አላጥብም።