መብራት የማያደበዝዘው ወፍጮ

ሥራዬን አሳምሬ በመሥራቴ የተወቀስኩት ደባርቅ ላይ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

የጋሽ ማሩ የኤሌክትሪክ ወፍጮ በተነሳ ቁጥር ኃይል በአንዴ እየጎተተ የሰፈሩን መብራት ያደበዝዝ ነበር። እኔ ከጎንደር የመጣሁ የሞተር ባለሙያ፣ ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ ስታርተር ገጠምኩለት። ሲሞከር አምፖሎቹ ንቅንቅ አላሉም! ሰፈሩ ሲመርቀኝ እየታየኝ ደረቴን ነፍቼ አደርኩ።

በማግስቱ፣ በበዓል ዋዜማ፣ ምስጋናዬን ልቀበል ብቅ ብል ወፍጮ ቤቱ ጭር ብሏል። ጋሽ ማሩ ዱቄት ባልነካው ካፖርታቸው በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምን አድርገህብኝ ነው ልጄ? እህል የያዘ ሰው ጠፋ እኮ!»

ስለ ሞተር አነሳስ ማስረዳት ጀመርኩ። እሳቸው ባዶውን ሚዛን ያያሉ። ይሄኔ ጎረቤታቸው እትዬ ዘውዴ ባዶ እጃቸውን መጡ።

«ጋሼ ማሩ፣ ምነው አመመዎት? ዛሬ ወፍጮውን ሳያስነሱ ረፈደ።»

«ኧረ ከጧት ጀምሮ ስንቴ አስነሳሁት!»

«ታዲያ መብራቱ መች ደበዘዘ? እንደ ናፍጣው ወፍጮ አይጮህ፣ በምን እንወቅ? ሰፈሩ ሁሉ እህሉን ቋጥሮ አምፖል አምፖሉን እያየ ነው!»

ጋሽ ማሩ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«መፍቻህን ይዘሃል?»