«እርሳ» ይለኛል ስልኬ

ከኢንጅባራ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ይንጣጣል፣ ብርዱ ጋቢውን አልፎ አጥንት ይነካል፣ እናቴ የገብስ ዳቦውን ሻንጣዬ ውስጥ የት እንደምትወትፈው ጨንቋታል። ልጄ ማህሌት ግን ቀና ሳትል ስልኬን ትነካካለች። ወንድሜ ከባሕር ዳር የዋይፋይ ዕቃ አምጥቶልን ነበር፤ የይለፍ ቃሉን ያወጣችው እሷ ናት፤ አሁንም ስልኬ ላይ የምትጽፍልኝ እሷ ናት። «ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» ብላት «አልነግርሽም» አለች። «ሴቭ አድርጌዋለሁ። ስትመጪ ስልክሽ ራሱ ያውቀንና ይገባል።» ይህን ብላ ስልኩን ሰጠችኝና አያቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች። እስከ መናኸሪያ ሳለቅስ ሄድኩ። የባጃጁ ሾፌር ሬዲዮውን ከፍ አደረገልኝ።

እናንተ እዚያ ያላችሁ «ያው አገርሽ ውስጥ ነሽ፣ የምን ስደት ነው የምታወሪው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጎሬን አልፋችሁ ቁልቁለቱን ውረዱና ያኔ እንነጋገር። አውቶቡሱ ዝቅ ባለ ቁጥር አንዳንድ ልብስ ሳወልቅ ጋምቤላ ስደርስ የሚወልቅ አልቀረኝም። እኛ ብርድ ፈርተን በር እንዘጋለን፤ እዚህ ሰው ሙቀት ሸሽቶ አልጋውን ከነአጎበሩ ደጅ ያወጣል። ከባሮ የወጣ ዓሣ በበቆሎ ገንፎ ስበላ፣ እውነቴን ነው፣ እጄን ነው የምልሰው፤ ከጨረስኩ በኋላ ግን ድንች ያምረኛል። የእኛን ድንች፣ ሲቀቀል የሚፈነዳውን። ገበያ ሄጄ ባገኝ እንኳ መንገድ ያደከመው፣ የተጨማደደ ነው። እንደኔ።

ሥራዬን ታውቃላችሁ፣ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሳምንቱን ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ነው የምሠራው፤ እዚያ ኔትወርክ አለ ከማለት የለም ማለት ይቀላል። ወደ አገሬ ዝውውር ጠይቄ «ተተኪ ሲገኝ» ተብያለሁ። ተተኪ የሚባለው ሰው እስካሁን የተወለደም አይመስለኝ። ቅዳሜ ማታ ከተማ እመጣለሁ፣ ኒውላንድ ሰፈር የተከራየሁት ክፍል እገባለሁ፣ እሑድ ለማህሌት እደውላለሁ። የእናትነት ቀኔ እሷ ብቻ ናት።

እሷም በሞባይል ዳታ ስትሆን ጉድ ነው። ማህሌት ጥርሷ መነቀሉን ትነግረኛለች፣ ከአስተማሪዋ ጋር ያላትን ጠብ ትነግረኛለች፣ ሁሉም ይሰማል። ከዚያ «እማዬ፣ መቼ ት…» ስትል ቀጥ። መልሼ ስደውል አይገባም። የሚቀጥለው እሑድ ያው። ኔትወርኩ ጥያቄዋን መርጦ የሚቆርጥ ይመስላል። በመጨረሻ እናቴ ደወለችና «ልጅቱ፣ መቼ ትመጫለሽ ስላት ትዘጋብኛለች፣ ከእንግዲህ አላናግራትም ብላለች» አለችኝ። አልዘጋሁባትም እኮ! ግን ለልጅ ስለ ኔትወርክ ምን ብዬ ላስረዳ?

አከራዬ ማማ ኛቦል ሲቆጨኝ አይተው አዘኑልኝ። «አንተ ለምን ታለቅሳለህ?» አሉኝ። ማማ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ሰሞን አርሜያቸው ነበር። «በእኛ ቋንቋ ሰው ሰው ነው» አሉኝ፤ «እናንተ ለምን በእያንዳንዱ ቃል ወንድ ነው ሴት ነው ትላላችሁ? አይደክማችሁም?» ከዚያ ወዲህ ወንድ ሆኜ እኖራለሁ። እና በዚያን ቀን «የእኔ ዋይፋይ ውሰድ» ብለው የይለፍ ቃሉን ነገሩኝ።

ፍለጋውን ብከፍት የማማ ዋይፋይ ስም «ሆም» ነው። ኢንጅባራ የእኛ ቤትም «ሆም» ነው። የእኔ ጅል ስልክ «ሆም» የሚለውን ሲያይ ቤቱ የደረሰ መሰለው። ሳልነካው እየሮጠ ሄዶ የማህሌትን የይለፍ ቃል ለማማ ኛቦል ዋይፋይ ይሰጣል፣ «ትክክል አይደለም» ይባላል፣ እንደገና ይሞክራል። አዲሱን ልጽፍ ብል አሮጌውን ይዞ ድርቅ አለብኝ። አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው።

ሳምንቱ ሲጀምር የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ።

«የግል ስልክ ነው የመሥሪያ ቤት?» አለኝ።

«የግል።»

«የግል አንነካም። ከክፍል ኃላፊሽ ደብዳቤ ካመጣሽ እናያለን።»

«የግል ስልኬን እንድታይልኝ ኃላፊዬ ደብዳቤ ይጻፍ?»

«አሠራር ነው፣ እህቴ።»

በሩን ይዤ ስወጣ ግን ከኋላዬ ጠራኝ። «አሮጌውን እርሺው» አለኝ። «ሁለት ሆም ስልክሽን አምታቶታል። የመጀመሪያውን ካላጠፋሽ ሁለተኛው አይገባም። ወይ አከራይሽ ስሙን ይቀይሩ።»

ይኼ ይሻላል ብዬ እሑድ ሲደርስ ወደ ማማ በረርኩ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል።

«ማማ፣ የዋይፋዩን ስም ቢቀይሩልኝ?»

«ለምን? ሆም ጥሩ ስም ነው።»

«የእኔም ቤት ሆም ስለሆነ ነው።»

«የእኔም ቤት ሆም ነው» አሉ ሳቅ ብለው። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ይሄ ስም ልጄ አወጣ። አውስትራሊያ ሳይሄድ በፊት። ማማ፣ እንዳትቀይር፣ ስመጣ ስልኬ ብቻውን ይገባል አለ።»

ወደ በሩ አዩ፤ እኔም አየሁ፤ ማንም አልነበረም። እንዴት አድርጌ ነው እኚህን ሴት ቀይሩ የምላቸው?

ክፍሌ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። ስልኬን በአማርኛ ነው የምጠቀመው፤ «ሆም» የሚለውን ተጭኜ ስይዘው ከሥሩ «እርሳ» የሚል መጣ። እሱም እንደ ማማ ወንድ አደረገኝ። እርሺ ቢለኝ ኖሮ ምናልባት እሰማው ነበር። ተናደድኩ፣ አልጋው ላይ ወርውሬው ወጣሁ፣ ተመለስኩ። የማህሌትን የይለፍ ቃል አላውቀውም፤ ከጠፋ ጠፋ። አንድ ቀን ኢንጅባራ ስገባ ስልኬ እንደ ማንኛውም እንግዳ በር ላይ ቆሞ ማን ነህ ይባላል። ልጄ «ራሱ ያውቀናል» ብላኛለች። ግን ይህን ካላደረግኩ ዛሬም እንደ ዘጋሁባት ልትቆጥር ነው።

«እርሳ» የሚለውን ነካሁት። እርግጠኛ ነህ ወይ እንኳ አላለኝም። የማማን የይለፍ ቃል ጻፍኩ፣ ገባ።

ስደውል እናቴ አነሳችና «እስቲ ልለምናት» ብላ ሄደች። የሚንሾካሾኩት ሁሉ ይሰማኛል። ማህሌት ስልኩን ተቀበለች፤ ሲበርዳት እንደምታደርገው አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። እዚያ እየዘነበ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ይህ ሙቀት ያቃጠለው ክፍሌ ውስጥ ገባ።

«እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለች በመጨረሻ።

«እሰማሻለሁ፣ ማሂ። ጥርት ብሎ።»

«አትዘጊም?»

«አልዘጋም።»

«መቼ ትመጫለሽ?»

ስልኩን ከጆሮዬ አውርጄ አየሁት። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው። ሳምንት ከሳምንት ስረግመው የኖርኩት መቆራረጥ ምነው አሁን በመጣ ብዬ ተመኘሁ። አልመጣም።

«እማዬ?»

«አለሁ» አልኳት። «አልዘጋሁትም።»