ናይትሮጅን እንግዳ የማይቀበልበት ምክንያት

ዳይሬክተሩ ከክፍሉ ኋላ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የኬሚስትሪ መምህራችን መስኮቱ ጋ ናቸው። የሳይንስ ክፍሉ ወንዶች ተማሪዎች በየዴስካቸው ተቀምጠዋል፤ እኔ ጠመኔ ይዤ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ነኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ላሊበላ አሥራ አንደኛ ክፍል ከደረስነው ጥቂት ሴቶች መካከል ሳይንስ ክፍል ልግባ ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዳይሬክተሩ «ሰሌዳ ላይ ትፈተንና እናያለን» አሉ።

«ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን አንድ አንድ ኤሌክትሮን ቢጨመርላቸው ማን ብዙ ኃይል ያወጣል? በቅደም ተከተል ጻፊ» አሉኝ መምህሩ።

ባገራችን ለታላቅ ሰው ጀርባ አይሰጥም። ፊቴን ወደ ዳይሬክተሩ አድርጌ በጎን መጻፍ ጀመርኩ። ኤሌክትሮኖቹን የምደረድርባቸው ሳጥኖች ተንጋደዱ።

«የአሸተን ተራራን አቀበት ነው እንዴ የምትስዪው?» አለ ከወንዶቹ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ።

«ዙሪ ልጄ፣ እዚህ ነውር የለውም» አሉ መምህሩ።

ዞርኩ። ኦክስጅንን ከላይ፣ ካርቦንን ቀጥሎ፣ ናይትሮጅንን መጨረሻ ጻፍኩ።

«ተሳስተሻል» አሉ ዳይሬክተሩ። «ከግራ ወደ ቀኝ ሲኬድ የኒውክሊየሱ መሳብ ይጨምራል። ናይትሮጅን ከካርቦን መብለጥ አለበት። አጥፊና አስተካክዪ።»

ለታላቅ ቃል መመለስ ነውር ነበር። ካጠፋሁት ደግሞ ሳይንስ ክፍል ቀረብኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጓድ ዳይሬክተር፣ አላጠፋውም። እኛ ከገነተ ማርያም የመጣነው እዚህ ቤት ተከራይተን ነው የምንማረው። ሦስት ክፍል ያለው ቤት ያስቡ፤ ተከራዮቹ የመጨረሻዎቹ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ካርቦን ሁለት ተከራይ አለው፤ አንዱ ክፍል ባዶ ስለሆነ አዲሱ እዚያ ይገባል። ናይትሮጅን ግን በሦስቱም አንድ አንድ ሰው አለ። አዲሱ ደባል መሆኑ ነው፤ ይገፋፋሉ። ስለዚህ አይፈልገውም።»

«ኦክስጅንም ጋ እኮ ደባል ነው የሚሆነው» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አዎ፤ ግን እዚያ ቀድሞም የተዳበሉ አሉ፤ አንድ ለአንድ የነበረው የረጋ አደራደር ፈርሷል። የኒውክሊየሱም መሳብ ከናይትሮጅን ይበረታል።»

ዳይሬክተሩ መምህሩን አዩ። መምህሩ ፈገግታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

ዳይሬክተሩ ወደ ሰሌዳው መጡና ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። «ደባል» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞረው «ነገ ፊት ወንበር ላይ ቦታ ልቀቁላት» አሉ።

ኮርቼ ነበር፤ ዛሬም እኮራለሁ። እጅ ነስቼ ወጣሁ።