ለሃያ አንድ ቀን የሚበቃ መብራት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ነጭ ሣጥን ሰቀለ። መብራት ሲጠፋ ቤቱን የሚይዝ አዲስ ባትሪ ነው፤ ጣሪያው ላይ ካለው ሶላር ይሞላል።

«እማዬ፣ ይሄ እንደ ድሮው ባትሪ አይደለም» አለኝ። «ውሃ ጨምሩልኝ አይልም።»

እሱ ስለዚያ ውሃ አያውቅም።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላትም፤ ከአባቴ ጋር እዚሁ አዳማ፣ አሁን ባለሁበት ግቢ እንኖር ነበር። ትምህርት አልሆነልኝም፤ ጫጩት መፈልፈል ግን ወደድኩ። ከኮምፔርሳቶ ሣጥን ሠራሁ፣ አምፖል አስገባሁበት፣ ስልሳ እንቁላል ደረደርኩ። እንቁላል ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ሳይቋረጥ ሙቀት ይፈልጋል። ያኔ መብራት በፈረቃ ነበር፤ ፈረቃውም የሚከበረው ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ እንቁላሉ ቀዝቅዞ ተበላሽቶብኛል። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሰለቸው።

«ይሄኛውም ካልሆነ ዝዋይ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ» አለኝ። «አበባ እርሻው ሠራተኛ ይፈልጋል።»

ዝዋይን፣ የዛሬዋን ባቱን፣ አልጠላኋትም። የጠላሁት ከእናቴ መቃብር መራቅን ነው።

ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ በአይሱዙ ከመቂ ወደ አዲስ አበባ ሽንኩርት ያመላልሱ ነበር። ያገለገለ የመኪና ባትሪ ሰጡኝ። መብራት ሲኖር በቻርጀር እሞላዋለሁ፤ ሲጠፋ ሁለት የመኪና አምፖል ያበራልኛል፤ ለሣጥኑ ይበቃዋል።

«ውሃው ሲጎድል የባትሪ ውሃ ብቻ ነው» አሉኝ። «የቧንቧ ከጨመርሽ ገደልሽው። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረውን ነጩን አይተሽ የለ?»

አይቻለሁ። የአካባቢያችን ውሃ ጥርስም ያበልዛል።

ታኅሣሥ ነበር፤ የነቢያት ጾም ላይ ነን። ጠዋት ጠዋት ነፋሱ አጥንት ይገባል፤ ቀን ላይ አቧራውን በበር ሥር እየገፋ ያስገባል፤ ምሳችን የቲማቲም ፍትፍት ከአቧራው ጋር ነበር። በዐሥራ አራተኛው ቀን የባትሪው ውሃ ጎደለ። ጋሽ ሰይድ መንገድ ላይ ናቸው። ሦስት ሱቅ ዞርኩ፤ ሦስቱም «ነገ ይገባል» አሉኝ። ባዶ እጄን ስመለስ ከሥዕለ ማርያም ሥር ያለው ሃይላንድ ታየኝ፤ እናቴ ትጠጣው ከነበረው የተረፈ ጠበል ነው። ሰው የሚፈውስ ውሃ ባትሪ አይገድልም አልኩ። ስድስቱንም ክዳን ከፍቼ፣ በስመ አብ ብዬ ሞላሁት። ጠበሉ የፈለቀው ማንቆርቆሪያዬን ካነጣው ከዚያው መሬት መሆኑን አላሰብኩም። አሲዱ ተፈናጥቆ ነጠላዬን በሳው፤ እሱንም እንደ በረከት ቆጠርኩት።

በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ንጋት ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው ላይ ያሰርኳቸው አምፖሎች ቀሉ፣ ደከሙ፣ ጠፉ። ሣጥኑን በጋቢ ጠቀለልኩት። ጆሮዬን ሳስጠጋ ከእንቁላሎቹ ውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ መንጫጫት ጀምረዋል።

ጋሽ ሰይድ ከመቂ ሽንኩርት ጭነው፣ ለምሳ ቤታቸው ጎራ ሲሉ ሮጬ ጠራኋቸው። መጥተው ባትሪውን ከፍተው አዩት።

«ምን ጨመርሽበት?»

«የባትሪ ውሃ።»

ባዶውን ሃይላንድ አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ እናቴ ከመካ ዘምዘም ይዛልኝ መጥታለች። እኔ እንኳ ባትሪ ውስጥ አልጨመርኩትም።»

እያለቀስኩ ሳቅኩ። እሳቸው ወጥተው ከአይሱዙው ሁለት ባትሪዎች አንዱን ፈቱ። ያለ እሱ መኪናው አይነሣም።

«ሽንኩርቱስ ጋሼ? ደላላው እየጠበቀዎት አይደል?»

«ደላላ ይቆጣል፣ ይበርድለታል። ይሄ ከበረደ ግን አለቀለት።»

መብራት የመጣው ማምሻውን ነው። በሃያ አንደኛው ቀን ከስልሳው ሃያ ሦስቱ ተፈለፈሉ። የቀሩትን ሰብሬ አየኋቸው። ምንቃር አላቸው፣ ጥፍር አላቸው፤ ተሠርተው ያለቁ ናቸው። አባቴ ሃያ ሦስቱን አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ከዚያ ወጣ፤ ሲመለስ መኖ ተሸክሟል። የዝዋይ ነገር ዳግም አልተነሣም። ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ሥራ ነው፤ ተመስገን።

የጠበሉን ነገር ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው፣ «ትራንስፎርመሩ ላይ ብትረጪው ይሻል ነበር» አሉኝ።

የቀሩት ሠላሳ ሰባቱ ግን አሁንም ያናድዱኛል። ባትሪው የሞተው በእኔ ጥፋት ነው፤ መብራቱን ግን እኔ አላጠፋሁትም። ይኸው ስንት ዓመት አለፈ። ከደጄ ሆኜ ኮረብታው ላይ የነፋስ መብራት ማመንጫዎቹ ሲዞሩ አያለሁ። ነፋሱ ሲነፍስ ያድራል፤ ጠዋት መብራት የለም። በርበሬ ሲደርስ ለዓመት እናስቀምጣለን፤ ሽሮ ለክረምት እናዘጋጃለን፤ መብራት የሚያስቀምጥልን ብቻ ጠፋ። የቻለ በየቤቱ ባትሪ ይሰቅላል፤ ያልቻለ ሻማ ይገዛል።

ትናንት ከሰዓት መብራት ሄደ። ነጩ ሣጥን ቤቱን ያዘው፤ አምፖሉ ብልጭ እንኳ አላለም። ተመስገን አልኩ። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጋሽ ሰይድ ትዝ አሉኝ። አርጅተዋል፣ ስኳር አለባቸው፤ የሚወጉት መድኃኒት የሚቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ ነው።

«እስከ ጋሽ ሰይድ ፍሪጅ የሚደርስ ገመድ ገዝተህ ና» አልኩት ልጄን።

«እማዬ፣ ለሁለት ፍሪጅ እኮ አይበቃም።»

ተነሥቼ የእኛን ነቀልኩት። ውስጡ ያለው ያደረ ወጥ ነው።