ምሳ ሰዓት ላይ የሚቆመው ከርነል

ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልክድም። ያኔ ሶዶ ውስጥ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር አስተማሪ ነበርኩ። በእርዳታ የመጡልን አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የተጫነው ሊኑክስ የተባለ ሲስተም የኔትወርክ ካርዳቸውን አላውቅም አለ። ስለዚህ ከርነሉን፣ ማለትም ማሽኑን ከውስጥ ሆኖ የሚያዘውን ዋና ፕሮግራም፣ ለእነሱ እንዲስማማ አድርጌ እንደ አዲስ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ኮዱን ፋይል በፋይል ወደ ማሽን ቋንቋ ማስቀየር፣ ነበረብኝ። ሥራው በዚያ ማሽን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጠዋት አስጀምረዋለሁ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ደህና ይሄዳል፤ ምሳ በልቼ ስመለስ ስህተት ጽፎ ቆሞ አገኘዋለሁ።

አንድ ቀን ቢሆን ምንም አልነበረም። አራት ቀን ተከታትሎ ቆመ፣ ያውም በየቀኑ ሌላ ፋይል ላይ። ጥፋቱ የእኔ ቢሆን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ በቆመ ነበር። ቦታ የሚቀያይር ከሆነ የሰው እጅ ገብቶበታል አልኩ። ምሳ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የምትቀረው ደግሞ ቁልፍ ያዧ ብቻ ናት። ከቦዲቲ እየተመላለሰች ስለምትሠራ ቦይና፣ ጎደሬ ማለት ነው፣ ቀቅላ በፌስታል ይዛ ትመጣና እዚያው ትበላለች። "ወንድሜ፣ ዛሬስ ጨረሰልህ?" ስትለኝ፣ በሆዴ ምን አገባት እላለሁ።

በአምስተኛው ቀን ኪቦርዱ ላይ ቀጭን ክር አጋድሜ ወጣሁ። ስመለስ ክሩ መሬት ወድቋል፤ ኮምፓይሉም ቆሟል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

ዓርብ በግምገማው ላይ ተነሣሁና ሁሉም ፊት ተናገርኩ። ሰብሳቢው ሂሱን ትቀበል እንደሆነ ጠየቃት። "ጣቴን አሳርፌበት አላውቅም" ብላ ተቀመጠች። ማንም አላመናትም፤ ባለሙያው እኔ ነበርኩ። ቁልፉን ያኔውኑ ለእኔ እንድትሰጥ፣ እሷም መዝገብ ቤት እንድትዛወር ተወሰነ።

ሰኞ ክፍሉን ቆልፌ ምሳ ወጣሁ። ስመለስ ከርነሉ ያለ ስህተት ተጠናቅቋል! አላልኳችሁም እያልኩ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ።

ማክሰኞ ለንብረት ርክክብ መጣች። ኮሚቴው ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ ማሽኑን አንድ በአንድ ቆጥሮ ሲጨርስ ከመሳቢያው አንድ ወፍራም ባለ ጥልፍ ጨርቅ አወጣች።

"ይሄ እንኳን የመንግሥት አይደለም፤ እኔ ነኝ የሰፋሁት" አለችኝ። "ምሳ ስበላ መስኮት እከፍታለሁ፣ የመንገዱ አቧራ ይገባል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሥራ ላይ ነው፤ ያሳዝነኛል። አንተ እስክትመጣ አለብሰው ነበር። አሁን አንተ አልብሰው።"

በቀትር ሙቀት፣ ሲሠራ የዋለ ማሽን፣ በወፍራም ጨርቅ ታፍኖ። ክሩንም የጣለው ይኸው ጨርቅ ነው። የጋለ ማሽን ባገኘው ቦታ እንደሚሳሳት እያወቅኩ አንድም ቀን ሙቀቱን አላየሁም፤ የማየው እሷን ነበር። አፈርኩ። ያኔ አንድ ቃል ብተነፍስ ዝውውሩ ይቀር ነበር። ኮሚቴው ቅጹን ዘርግቶ ይጠብቀኛል፤ እሷም ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ" አልኩና ተቀብያት ፈረምኩ።