የዘይነባ ፕሮግራም በካርድ ክፍላችን

ሥራ የጀመርኩ ቀን ካርድ ክፍሉን ያስረከበችኝ እትዬ ከድጃ አንድ መሰላል፣ አንድ የስም መዝገብና አንድ ምክር ሰጠችኝ። «ሰይድ መሐመድ ነኝ የሚልህ በቀን አሥር ይመጣል። የእናቱን ስም ጠይቀው።» ቦታው አምባሰል ውስጥ ያለ፣ ስሙን የማልጠራው ጤና ጣቢያ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚያው ካርድ ሳወጣና ስመልስ ኖርኩ።

በኋለኞቹ ዓመታት የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎች መምጣት ጀመሩ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ነው ብለው በቡድን ይመጣሉ። «አሁን ያለው አሠራር ችግሩ ምንድን ነው?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። መዝገቡን ፎቶ አንስተው፣ ደብዳቤያቸው ላይ ማህተም አስመትተው ይሄዳሉ። በዓመቱ ሌላ ቡድን፣ ያው ጥያቄ። አንዱን ውጫሌ ገበያ አግኝቼው «ያ ነገር የት ደረሰ?» ስለው «ኤ አገኘንበት ጋሼ» አለኝ። ሠርተው ያሳዩኝ አልነበሩም።

ዘይነባ ግን ተመልሳ መጣች። የሐይቅ ልጅ ናት። ጓደኞቿ አንድ ቀን ታይተው ሲቀሩ እሷ በሚኒባስ እየተመላለሰች አጠገቤ ተቀምጣ ስሠራ ታየኝ ነበር። ለምን መሰላል ላይ እንደምወጣ፣ ለምን እንደምሳሳት ሁሉ ጻፈች። ፕሮግራሙን ስታቀርብ ፈታኙ «የእናት ስም ለምን አስፈለገ?» አላት። «ጋሽ ይመር ስለሚጠይቁ» ብላ መለሰች። ይህን ስትነግረኝ ከልቧ ሳቀች። እኔም በዕድሜዬ እንደዚያ የኮራሁበትን ቀን አላስታውስም።

ከተመረቀች በኋላ ፕሮግራሙን ኮምፒውተራችን ላይ ጫነችው። ካርዱን ሁሉ አንድ በአንድ እያነበብኩላት ጻፈች። እያንዳንዱ ካርድ አዲስ ቁጥር ተሰጠው፤ መደርደሪያውንም በአዲሱ ቁጥር ደረደርነው። በሽተኛው የራሱንና የእናቱን ስም ሲነግረኝ ቁጥሩ ወዲያው ይወጣል። የድሮው መዝገብ ስላልተፈለገ መጻፉን አቆምኩ። «ዓርብ ዓርብ በዚህ ፍላሽ ገልብጡት፤ አደራ» አለችኝ።

ከዚያ ኃላፊያችን ቢሮ ገብታ እንዲቀጥራት ጠየቀች። እኔም አብሬ ገባሁ።

«ፕሮግራሙ ጥሩ ነው» አላት። «ግን በመዋቅሩ እንዲህ የሚባል መደብ የለም።»

«ሲበላሽ ማን ያስተካክለዋል?» አልኩት።

«አልተበላሸም እኮ፣ ጋሽ ይመር።»

ዘይነባ ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች። በር ላይ ስንለያይ «እህቴ ሪያድ ናት፤ ቪዛ ልካልኛለች» አለችኝ። በወሩ ሄደች።

ፍላሹን ኃላፊው ለሪፖርት ብሎ ወሰደው። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት፤ ሦስተኛውን ተውኩት። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ አስቸገረኝ። የኮምፒውተር ጠጋኝ ተጠራና በማግስቱ ጠዋት ውስጡን ሁሉ አጽድቶ ሲመልሰው የዘይነባ ፕሮግራም የለም። ስሞቹም የሉም። ካርዶቹ መደርደሪያው ላይ ናቸው፤ የማን ካርድ የትኛው ቁጥር እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጠፋ።

በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ትኩሳት ይዟት፣ ባሏ ደግፏት መጣች። ካርዷ ላይ እኔው ራሴ በቀይ እስክሪብቶ የማይስማማት መድኃኒት እንዳለ እንደጻፍኩ አስታወስኩ። የፊቷን መልክ እንጂ የመድኃኒቱን ስም ግን አላስታወስኩም። መሰላሉ ላይ ወጥቼ ካርድ እየገለበጥኩ ስፈልግ ነርሷ «ሰው ሞልቷል፤ አዲስ ካርድ ያውጡላት» አለች። «የማይስማማት መድኃኒት አለ፤ ቆዩ» አልኩ። ነርሷ ሴትየዋን ጠየቀቻት። ስሙን አታውቀውም። ነርሷ ደግማ ጠራችኝ። አዲስ ካርድ ጻፍኩላት።

የፔኒሲሊን መርፌ ተወግታ ብዙም ሳትቆይ ራሷን ሳተች። የማይስማማት እሱ ኖሯል። ነርሷ ነፍሷን አተረፈችላት፤ ወደ ደሴ ተላከች። ባሏ አብሯት ሊሄድ ሲወጣ ተሰናበተኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የደረሰው ለእኔ ነው። «በቸልተኝነት» ይላል። ስለ ፍላሹም ስለ መደቡም የተጻፈ ቃል የለም። ፈረምኩ።

ለዘይነባ ሪያድ ደወልኩ። ሰው ቤት ነበር የምትሠራው።

«ፕሮግራሙ አለኝ» አለችኝ። «ስሞቹ ግን እናንተ ጋ ብቻ ነበሩ፤ የበሽተኛ ነገር ይዤ መሄድ አይገባኝም ብዬ።» ቀጥላ «ሴትየዋስ?» አለች።

«ድናለች።»

«አልሀምዱሊላህ።» ከዚያ «ባልሠራው ይሻል ነበር፣ ጋሽ ይመር?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት። ወዲያው ግን አልመለስኩላትም። ያንን ዝምታ ሰምታዋለች።

ካርዶቹን ከመደርደሪያው አውርጄ እያንዳንዱን ከፍቼ መዝገቡን እንደገና በእጄ ጻፍኩ። ጡረታ የወጣሁት ጽፌ ሳልጨርስ ነው።

በሙያው ላላችሁ የምለው ይህን ነው፦ ፕሮግራም ሲሰጣችሁ የሚጠብቀው ሰው መደብ እንዳለው ጠይቁ። ከሌለው መዝገባችሁን መጻፍ አታቁሙ።