የጋሽ ዝምታ አራት ስፒከሮች

ጋሽ ዝምታ የሚለውን ስም ያወጡለት የመሥሪያ ቤቱ ሾፌሮች ናቸው። ሌሎቹ መኪናቸውን ጥላ ሥር አቁመው አለቆቻቸውን ሲቦጭቁ፣ እሱ እጁን መሪው ላይ ጣል አድርጎ ዝም ብሎ ይቀመጣል። "ምነው፣ አንተ አለቃ የለህም እንዴ?" ሲሉት ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም። ዝም አይነቅዝም ብለው ተዉት። ስሙ ግን ከመሥሪያ ቤት ተከትሎት ሠፈር ገባ፤ ከሠፈርም አልፎ ቤቱ ዘለቀ። ሚስቱ እንኳ ስትናደድ "አቶ ዝምታ" ትለዋለች።

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ዝምተኛ ሆኖ አልተፈጠረም። ያስለመደው ሥራው ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ የዳይሬክተሩ ሾፌር ሆኖ ተመደበ። በመጀመሪያው ጠዋት መስኮቱን ገርበብ፣ ሬዲዮውን ዘፈን ላይ አድርጎ ይጠብቃቸው ነበር። ዳይሬክተሩ የኋላ ወንበር ላይ ተሰየሙ፤ ጋዜጣቸውን ዘረጉና፣

"ዝጋው" አሉ።

ሬዲዮውን ዘጋው። ከዚያች ጠዋት ወዲህ አልከፈተውም። መኪናው በየጊዜው ተቀየረ፣ የዳይሬክተሩ ፀጉር ሸበተ፣ የእሱም ተከተለ፤ ሬዲዮው ግን እንደተዘጋ ቀረ። ቀይ መብራት ላይ አጠገቡ የቆመ ታክሲ ሙዚቃ ሲለቅ፣ በጣቱ መሪውን መታ መታ ያደርጋል። ገና ልቡ መሞቅ ሲጀምር መብራቱ አረንጓዴ ይሆንና ዘፈኑ ከመሃሉ ተቆርጦ ይቀራል። እንዲህ እያለ የመቶ ዘፈን መጀመሪያ እያወቀ የአንዱንም መጨረሻ የማያውቅ ሰው ሆነ።

ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ያረጁ መኪኖቹን በጨረታ ሸጠ። ጋሽ ዝምታም መጨረሻ ላይ ይነዳት የነበረችውን ገዛ። ሰው ሁሉ "አይ ልማድ! ናፍቆቱን አልቻለውም" አለ። ናፍቆት አልነበረም፤ እልህ ነበር።

ከመኪናዋ ጋር ከፋብሪካ የመጣው ቴፕ ሲከፈት ግን ልቡ ውልቅ አለ። አንደኛው ስፒከር ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያፍናል። ሌላው ወረቀቱ ደርቆ ተቀዷል። የኋላዎቹ ጭራሽ ትንፍሽ አላሉም።

"ቴፑን ላስቀይር ነው" አላት ሚስቱን። "ስፒከሮቹንም ጭምር።"

"የምኑን ቴፕ?"

"የመኪናዋን።"

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "ሲያረጁ አምባር ይዋጁ አሉ። ቤት ውስጥ ሬዲዮ የለም?"

"እሱማ ያንቺና የእህትሽ ነው።"

ይህ ደግሞ ሐሰት አልነበረም። የሚስቱ እህት "ለጥቂት ጊዜ" ብላ መጥታ ሳሎኑን ከነሬዲዮው ከወረሰች ቆይታለች።

የቴፕ ገጣሚው ሱቅ ከጎማ ጠጋኙ ጎን ነው። ገጣሚው ዕድሜውን በሙሉ በድምፅ ሲደበደብ የኖረ በመሆኑ ጆሮው ከብዷል፤ ሲያወራ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጣራ ይመስላል።

"ፋዘር! ምን ዓይነት ድምፅ ይሁንልዎ?"

"ጥርት ያለ።"

"ምን?"

"ጥርት ያለ!"

"ገባኝ! ደረት የሚመታ!"

"ደረቴን ተወው። ለጆሮዬ ነው የምፈልገው።"

"ፋዘር፣ ሙዚቃ በጆሮ መስማት ድሮ ቀረ! በአጥንት ነው የሚሰማው!"

ተጯጩኸው ተስማሙ። አዲስ ቴፕ፣ ለአራቱ በሮች አራት ስፒከር፣ ከፊት ወንበር ሥር ደግሞ ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር። ከኋላ የዕቃ መጫኛውን የሚሞላውን የቤዝ ሣጥን ግን ጋሽ ዝምታ እንቢ አለ፤ ገጣሚውም ለሟች እንደሚያዝን ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ተገጥሞ ሲያልቅ ድምፁን ወደ ላይ ሰቀሉት። እውነትም ጥርት ያለ ነበር። ችግሩ መኪናዋም አብራ መዝፈኗ ነው። የበሩ ልባስ ይንጣጣል፣ የዳሽቦርዱ ኪስ ጥርሱን ያፋጫል፣ የኋላው ታርጋ ያጨበጭባል። ጋሽ ዝምታ ደነገጠ።

"ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?"

"ድሮም ነበረ ፋዘር! አፍ የሚያስከፍተው አጥቶ ነው!" ገጣሚው ከመደርደሪያው ሥር የተጠቀለለ፣ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ጥቁር ላስቲክ አወጣ። "በሮቹን ከውስጥ በዚህ ማልበስ ነው!"

ጋሽ ዝምታ ይህን ሥራ ለሰው አላመነም። መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ በሮቿን በርግዶ ልባሳቸውን አንድ በአንድ ፈታ። ሚስቱ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ብሎኖቹን በእግሯ ጣት እየዘለለች፣ "መፍታቱስ ይሁን፣ መግጠሙን ማን ያውቃል?" ትላለች። እሱ ዝም ብሎ ላስቲኩን ይቆርጣል፣ ይለጥፋል፣ በማንኪያ ጀርባ ይጫናል።

ዳይሬክተሩ ይቀመጡበት የነበረውን የኋላ በር ሲከፍት ግን እጁ ቆመ። ከበሩ ሆድ ውስጥ የከረሜላ ወረቀት ተንዠቀዠቀ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ፤ አንዳንዱ ደብዝዟል፣ አንዳንዱ ትናንት የተላጠ ይመስላል። ዳይሬክተሩ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። ባለቤታቸው "ጣፋጭ እንዳታስነካቸው፣ አደራህን" ብለውት ነበርና፣ ኬክ ቤት ባለበት መንገድ እንዳያልፉ ስንት ጊዜ ዞሮ ነድቷል! ለካስ ያ ጋዜጣ የሚዘረጋው ለንባብ ብቻ አልነበረም። ሰውየው ከጀርባው ከረሜላቸውን ይመጥጣሉ፤ ወረቀቷን በመስኮቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይሸጉጣሉ። ጋሽ ዝምታ ወረቀቶቹን በላስቲክ ከረጢት ሞልቶ አወጣና ሥራውን ቀጠለ።

አንዴ ከጀመረ ማቆም አልቻለም። ከበሮቹ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ጣሪያው አለፈ። ሁሉን ገጥሞ ሲጨርስ በሩ "ድም" ብሎ ተዘጋ፤ ዓለምም አብራ ተዘጋች። የልጆቹ ኳስ ጠፋ። የብረት በያጁ ጩኸት ጠፋ። የሚስቱ እህት ሳቅ እንኳ ጠፋ። የራሱን ትንፋሽ ሰማ። ቀስ ብሎ ቴፑን ከፈተው። መሰንቆው በግራ፣ ከበሮው በቀኝ፣ ዘፋኙ ደግሞ መሃል ላይ፣ መሪው ላይ የተቀመጠ ያህል ቀርቦ ዘፈነለት። አንጀቱ ራሰ።

ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ የጎኑ በር ተከፈተና ሚስቱ ገባች።

"ቀንሰው እስቲ። የምነግርህ ነገር አለ።"

ቀነሰው። ዙሪያዋን አየች፤ መስኮቱን በጣቷ ቆረቆረች። "ውጭ ይሰማል?"

"አይሰማም።"

"ዝጋውማ።"

ዘጋው። ያን ጊዜ፣ እህቷ ሳሎኑን ከያዘች ወዲህ ያፈነችውን ሁሉ ዘረገፈችው። ቀኑ መሽቶ ነው የወረደችው፤ ፊቷ በርቶ። በማግስቱ እህቷ መጣች። "እህቴ አንድ ነገር ብላኛለች እንዴ?" ብላ ጀምራ እሷም የልቧን አወራች። ከዚያ ሴት ልጁ እጮኛዋን በስልክ ልታነጋግር ገባች፤ እሱንም አስወጣችው። ቤቱ ውስጥ ሚስጥር የሚያወራበት ጥግ ያጣ ሰው ሁሉ ቁልፍ ፍለጋ እጁን ይዘረጋ ጀመር።

ወሬው ሠፈር ለመድረስ አልዘገየም። የተጣሉ ጎረቤቶች፣ ያልተስማሙ ወንድማማቾች፣ ኩርፊያ ላይ ያሉ ባልና ሚስቶች "ጋሽዬ፣ ለትንሽ ጊዜ" እያሉ የኋላ ወንበር ላይ ይደረደራሉ። አየር እንዲያገኙ ሞተሩን ማስነሳት ስላለበት እሱ ከፊት ይቀመጣል። ጣቱ ቴፑ አጠገብ ሆኖ እስኪጨርሱለት ይጠብቃል። እነሱም እየጮኹ ይጀምሩና፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የገዛ ድምፃቸው ሲመለስባቸው ያፍራሉ፤ ቀዝቀዝ ይላሉ፤ ይታረቃሉ። ሲወርዱ "ምክርዎ ይባረክ" ይሉታል። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ጋሽ ዝምታ የሠፈሩ ታላቅ አስታራቂ መሆኑን ከሁሉም ኋላ የሰማው እሱ ራሱ ነው።

ትዕግሥቱን ያስጨረሱት ልብስ ሰፊውና ሚስቱ ናቸው። ጠባቸው አዲሱ የሱቃቸው ታፔላ ላይ የማን ስም ይቅደም የሚል ነበር። የአንድ ቀን ክርክር መስሎት ቢያስገባቸው፣ ደግመው መጡ፤ ሠልሰው መጡ።

"መርፌውን የያዝኩት እኔ ነኝ!" ይላል ባል።

"ደንበኛውን የያዝኩት እኔ ነኝ!" ትላለች ሚስት።

ጋሽ ዝምታ ፊቱን ሳያዞር፣ "ውረዱ!" አለ።

ሴትዮዋ በረጅሙ ተነፈሰች። "እውነቱን ነው እኮ። ሁለታችንም ወጥተን ማማ ላይ ተሰቅለናል።"

"ከትዕቢታችሁ ውረዱ ማለቱ ነው" አለ ልብስ ሰፊው፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ። "ሰማሽ፣ ይሄን ሁሉ በአንድ ቃል!"

ትከሻውን ስመው ወረዱ። ከትዕቢታቸው መውረዳቸውን እንጃ፤ ከመኪናዋ ግን ወርደዋል። ቴፑን ለመክፈት እጁን ሲሰድድ መስኮቱ ተንኳኳ። ሌላ ባልና ሚስት።

በዚህ መሃል የቀድሞው ዳይሬክተር ስልክ ደወሉ። ዓይናቸውን ሊታከሙ ቀጠሮ አላቸው፤ ልጆቻቸው ሥራ ላይ ናቸው፤ "ባላስቸግርህ" አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቶ አያውቅም። መኪናዋን አጥቦ፣ ኮቱን ለብሶ ሄደ። ዳይሬክተሩ ከዘራቸውን እየደገፉ ወጡ፤ የኋላውን በር ከፍቶ ቢጠብቃቸው አልፈውት ከፊት ገቡ።

እንደ ድሮው በዝምታ ተጓዙ። ሁለተኛው መብራት ጋ ሲደርሱ ዳይሬክተሩ ዳሽቦርዱን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

"ይሄ ነገር አይሠራም?"

"ይሠራል ጌታዬ።"

"ታዲያ ምነው የማትከፍተው?"

ጋሽ ዝምታ መሪውን ጨበጥ አደረገ። "እርስዎ ድምፅ አይወዱም ብዬ ነዋ።"

"እኔ? ማን አለህ?"

"ራስዎ ነዎት ያሉኝ። የመጀመሪያው ቀን፤ ዝጋው አሉኝ፣ ዘጋሁት።"

ዳይሬክተሩ ዞረው በደከመው ዓይናቸው አተኩረው አዩት። "መስኮቱን እኮ ነው ያልኩህ! ብርዱ ማጅራቴን ሲቆርጠኝ! አንተ ሬዲዮውን ዘግተህ መስኮቱ እንደተከፈተ ነዳህ። ይሄ ኮስታራ ሰው ሙዚቃ አይወድም፣ ንጹሕ አየር ይወዳል ብዬ ዝም አልኩ።"

"ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ ቀሩ?"

"አንተስ ምነው ሳትጠይቀኝ ቀረህ?"

የኋላው መኪና ጥሩምባ ሲነፋባቸው ነው መብራቱ መለወጡን ያዩት። ጋሽ ዝምታ እያሽከረከረ የሆነ ነገር ከሆዱ እየገፋ ሲመጣ ተሰማው፤ ልቅሶ ይሁን ሳቅ አልለየለትም። ዳይሬክተሩ ከኪሳቸው ከረሜላ አወጡ፤ ላጡ፤ ወረቀቷን በለመደ እጃቸው በመስኮቱ ጠርዝ ሊሸጉጡ ሲሞክሩ አልገባ አለቻቸው።

"አሽጌዋለሁ ጌታዬ" አለ ጋሽ ዝምታ። "ደግሞ እትዬ አደራ ብለውኝ ነበር።"

"እሷ?" ዳይሬክተሩ ከረሜላውን በጉንጫቸው እያንከባለሉ ሳቁ። "ኪሴ ውስጥ የምትከተው ማን ሆነና! ስኳር የሌለውን ፈልጋ እየገዛች። አደራውን የሰጠችህ ኬክ ቤቱን ፈርታ ነው።"

ሳቅ ነበር። ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። ቴፑንም ከፈተላቸው፤ ግን ዳይሬክተሩ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ጡረታቸው፣ ደውሎ ስለማይጠይቃቸው ምክትላቸው እያወሩ፣ ሐኪም ቤቱ በር እስኪደርሱ ዘፈኑን አንድም ሰው አልሰማውም።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ዳይሬክተሩን በድምፃቸው እያስመሰለ፣ መስኮቱን፣ ከረሜላውን፣ ሁሉንም ከነለዛው አወራላት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እህቷም ከሳሎን መጥታ በር ላይ ቆማ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ ሚስቱ ዓይኗን ጠረገችና፣

"እንዲያው ለነገሩ፣ እኔ የቱን ዘፈን እንደምወድ ታውቃለህ?" አለችው።

"የቱን ነው?" አለ።

በበነጋው ልጁ ዘፈኑን ከስልኳ ፈልጋ አገኘችላቸው። ገና ሳይጋቡ፣ እሷ የልብስ መደብር ውስጥ ስትሠራ፣ ባለሱቁ እየደጋገመ ይከፍተው የነበረ ነው። ሁለቱ ብቻ ገቡና ወደ ዋናው መንገድ ወጡ። ከፈተው። ገና የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና ተቀበለች። ቤት ስታንጎራጉር ሰምቷት ያውቃል፤ እንዲህ ለቃ ስትዘፍን ግን አያውቅም። ድምፅ አልነበራትም። ቅኝቱን ትስታለች፣ ግጥሙን ትቀድማለች፣ የረሳችው ቦታ ላይ "ና ና ና" ትጨምርበታለች። ያ ሁሉ ላስቲክ የተለጠፈለት፣ ያ ሁሉ ስፒከር የተገጠመለት ዘፋኝ ከሥሯ ሆኖ እየተፍጨረጨረ ሊወጣ አልቻለም።

ጋሽ ዝምታ እጁን ወደ ቴፑ ሰደደ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለች፣ አንድ ዓይኗን ከፍታ።

"ትንሽ ልቀንሰው" አለ። "ዘፋኙን።"

ሠፈር ሲመለሱ ልብስ ሰፊው መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ከፍ አድርጎ ያውለበልባል። ሚስቱ ከጎኑ ፊቷን አዙራ ቆማለች።

"ጉዳይ ያላቸው ይመስላል" አለች የጋሽ ዝምታ ሚስት፣ ዘፈኗን ሳታቋርጥ በመሃል አስገብታ።

"ነገ ይደርሳል" አለና ሳይቆም አለፋቸው።